የጥርስ ስፋትና የፊት የጎን ገጽታ

ሰው ፊቱን በመስተዋት ሲመለከት ዘወትር የሚያየው ከፊት ለፊት ነው። ከጎኑ ምን እንደሚመስል ከርሱ ይልቅ የሚያውቁት በአጠገቡ የሚቀመጡት ናቸው። የቀድሞ የሀገራችን ሠዓልያን ጻድቃንን በሁለት ዐይን ፊት ለፊት፣ ኃጥኣንንና ሰይጣናትን ግን በአንድ ዐይን ከጎን አድርገው ይሥሉ እንደ ነበር በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ይታያል። ከነርሱ እጅግ አስቀድመው የነበሩት የአክሱም ነገሥታት ደግሞ በሳንቲሞቻቸው ላይ ያስቀረጹት የጎን ምስላቸውን ነበር። እንግዲህ ከጎን መታየት አንድ ጊዜ የክብር፣ ሌላ ጊዜ የነውር ምልክት ሆኖ ኖሯል ማለት ነው። ይህን የጎን ገጽታ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ፣ ብዙ ሰው ልብ የማይለው፣ የጥርስ ስፋት ነው።

በአዲስ አበባ ከተማ፣ በቦሌ በኩል ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈርና በአካባቢው፣ ጥርሳቸውን በብረት ሽቦ ያሳሰሩ ወጣቶችን ማየት ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ይህን ማሰሪያ ሰዉ ብሬስ ይለዋል። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከእናቷ ጋር በዚያ አካባቢ ወደሚገኝ የጥርስ ክሊኒክ ሄደች እንበል። ጥርሶቿ ነጫጭና ጤነኞች ናቸው፤ አንዱም አልተቦረቦረም። ይሁን እንጂ ከንፈሮቿ ወደ ፊት ወጣ ብለዋል፤ አፏንም ለመግጠም አገጯን መጨምደድ ግድ ይሆንባታል። ሐኪሙ ከመረመራት በኋላ ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት፣ በድምሩ አራት ጥርሶች ተነቅለው የቀሩት ወደ ኋላ ቢሳቡ ከንፈሮቿ እንደሚገቡ ይገልጻል። እናትየውም፣ «ዶክተር፣ ያልታመመ ጥርስ እንዴት ይነቀላል?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። የጥርስ ማስተካከል ሐኪሞች ራሳቸው በዚሁ ጥያቄ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ተከራክረውበታል።

መልሱን ለማግኘት አስቀድመን የምንጠቀምባቸውን ቃላት እንለይ። በአማርኛ መንጋጋ የሚለው ቃል አንዳንድ ጊዜ ለጥርሱ፣ አንዳንድ ጊዜም ጥርሱን ለተሸከመው አጥንት ይነገራል። እኛ ግን እዚህ ላይ መንጋጋ የምንለው የማኘኪያውን ጥርስ ብቻ ሲሆን አጥንቱን መንገጭላ እንለዋለን። ቋንቋችን ስለ ጥርስ አሰላለፍም የራሱ ቃላት አሉት። በጥርሶች መካከል፣ በተለይም በሁለቱ የላይ ፊት ጥርሶች መካከል ክፍተት ሲኖር ፍንጭት ይባላል። ጥርሶች ቦታ አጥተው አንዱ በሌላው ላይ ሲወጣ ድርብርብ ይባላሉ። ወደ ፊት ያገጠጡ እንደ ሆነ ደግሞ ባለቤታቸው ገጣጣ ይሰኛል። ፍንጭት በሀገራችን ውበት ነው፤ ሲመሰገንበት ኖሯል። ገጣጣ ግን ስድብ ነው። ይህ ሆኖ ሳለ ሦስቱም ሁኔታዎች የሚመነጩት ከአንድ ነገር፣ ይኸውም የጥርሶች ስፋት ከመንገጭላው ርዝመት ጋር ካለው ግንኙነት ነው።

በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ዐሥር ተማሪዎች ይቀመጡ እንበል። ተማሪዎቹ ቀጫጭኖች ቢሆኑ በመካከላቸው ክፍተት ይተርፋል፤ ይህ ፍንጭት ነው። ወፋፍራሞች ቢሆኑና ማንም ከወንበሩ እንዳይነሣ ቢታዘዝ፣ የአንዱ ትከሻ በሌላው ላይ ይደረባል፤ አለዚያም መካከለኞቹ ወደ ፊት ይገፋሉ። መንገጭላ ግን እንደ ወንበር ቀጥ ያለ አይደለም፤ ቅስት ነው። ቅስት ደግሞ ጫፉ ወደ ፊት በተገፋ ቁጥር ዙሪያው ይረዝማል። የፊት ጥርሶች አንድ ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ሲሄዱ በቀኝ አንድ፣ በግራ አንድ፣ በድምሩ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ቦታ ይገኛል። ስለዚህ ትልልቅ ጥርሶች ያሉት ሰው ጥርሶቹ ሳይደራረቡ በሥርዓት ተሰልፈው ሊታዩ ይችላሉ፤ ቦታውን ያገኙት ግን ወደ ፊት በማዘንበል ነው። ከንፈርም የሚያርፈው በጥርስ ላይ ስለ ሆነ አብሮ ይወጣል።

እስቲ ይህን በቁጥር እንመልከተው። በታችኛው መንገጭላ ከመንጋጋዎቹ ፊት ዐሥር ጥርሶች አሉ፤ እነርሱም አራት መቁረጫዎች፣ ሁለት ክራንቻዎችና አራት ቅድመ መንጋጋዎች ናቸው። የነዚህ የዐሥሩ ስፋት ተደምሮ በብዙ ሰው ዘንድ ወደ 64 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። የተማሪዋ ጥርሶች እያንዳንዳቸው ከዚህ በግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ይሰፋሉ እንበል። ግማሽ ሚሊ ሜትር በዐይን ተመልክተው የሚለዩት ልዩነት አይደለም። ነገር ግን በዐሥር ሲባዛ 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህን ቦታ ለማግኘት የፊት ጥርሶች ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ወደ ፊት መሄድ አለባቸው። ከላይም ከታችም እንዲህ ሲሆን የከንፈር መውጣት ከሩቅ ይታያል።

ነገሩ በሒሳብ ብቻ የታሰበ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 በሰሜን አየርላንድ ሰዎች ላይ የተደረገ አንድ ጥናት ታትሞ ነበር። በዚህ ጥናት የላይና የታች ጥርሶቻቸው ወደ ፊት ያዘነበሉ ሰዎች የጥርስ ስፋት እንዲህ ካልሆኑት ጋር ሲነጻጸር በአማካይ ከመቶ 5.7 ያህል በልጦ ተገኝቷል። የላይ ጥርሶች ከታች ጥርሶች ጋር ያላቸው ምጣኔም እንዲሁ ተለክቷል። ዌይን ቦልተን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1958 አፋቸው በሚገባ የሚገጥም የ55 ሰዎችን ጥርሶች ለክቶ፣ የስድስቱ የታች ፊት ጥርሶች ስፋት የስድስቱን የላይ ፊት ጥርሶች ስፋት 77.2 በመቶ ያህል ሊሆን እንደሚገባ አሳይቷል። ይህ ምጣኔ ሲዛባ አንደኛው ረድፍ ከሌላው ጋር ሳይገጥም ይቀራል፤ የቱንም ያህል ጥሩ ሽቦ ቢታሰር አይስተካከልም። ሐኪሙ ገና ከመጀመሪያው የጥርሶቿን የጀሶ ቅጂ አውጥቶ አንድ በአንድ የሚለካው ስለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ «ትልቅ ጥርስ ካለ ፊት ይወጣል» ብሎ መደምደም ስሕተት ላይ ይጥላል። የዚህን ማስረጃ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከሩዋንዳ ተነሥቶ አምስት ኪሎ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም መድረስ ይበቃል። የሰው ዘር ጥርስና ፊት በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት እንዴት አብረው እንደ ተለወጡ ሀገራችን ያስገኘችውን ያህል የሚያስረዱ ቅሪተ አካላት ያሏቸው አገሮች እጅግ ጥቂት ናቸው።

ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ከራስ ቅሏ የተረፈው ጥቂት ቢሆንም የታችኛው መንገጭላዋ ተገኝቷል። በ1993 ዓ.ም. በዲኪካ በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በተመራ ቡድን የተገኘችው ሕፃን ሰላም ግን ከነፊቷ ነው የተገኘችው፤ የሁለቱም ዘር አንድ ነው። በዚህ ዘር መንጋጋዎቹ ከእኛ መንጋጋዎች የገዘፉ ናቸው፤ የፊቱ የታችኛው ክፍል ወደ ፊት የሾለ ነው፤ ከታች ወደ ፊት የወጣ አገጭ የለም። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ያን ጊዜ ተማሪ የነበረው ጫላቸው ሥዩም በአፋር ሌዲ ገራሩ በሚባል ስፍራ አምስት ጥርሶች ያሉበት የግራ ግማሽ መንገጭላ አገኘ። ዕድሜው 2.8 ሚሊዮን ዓመት ሲሆን መንጋጋዎቹ ከድንቅነሽ ወገን መንጋጋዎች የቀጠኑ ናቸው፤ ሊቃውንትም እኛ ከምንገኝበት ከሆሞ ወገን መድበውታል። አገጩ ግን እንደ ቀድሞው ወደ ኋላ ያፈገፈገ ነው። ጥርሱ ቀድሞ ተለወጠ፤ አገጩ ዘገየ። በመጨረሻም በ1990 ዓ.ም. በመካከለኛው አዋሽ ሄርቶ የተገኙት የራስ ቅሎች 160 ሺህ ዓመት ገደማ ያላቸው ሲሆኑ፣ ፊታቸው ትልቅ ቢሆንም እንደ ድንቅነሽ ዘር ወደ ፊት የሾለ ሳይሆን እንደ እኛ ከግንባሩ ሥር የገባ ነው።

እስከዚህ ድረስ የተመለከተ ሰው ጥርስ ባነሰ ቁጥር ፊት እየገባ እንደ መጣ ያምናል። የኮንሶው ግን ነገሩን ያፈርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 በኮንሶ የተገኘው 1.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የራስ ቅል ፓራንትሮፐስ ቦይሴይ የሚባለው ዘር ነው። የዚህ ዘር መንጋጋዎች ከድንቅነሽም ዘር ይልቅ እጅግ የገዘፉ፣ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሰፉ ናቸው። ሆኖም ፊቱ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው እንጂ እንደ ድንቅነሽ ዘር አልሾለም። ምክንያቱን ለማወቅ የፊት ጥርሶቹን መመልከት ይበቃል፤ መቁረጫዎቹና ክራንቻዎቹ ትንንሾች ናቸው። ከዚህም የምንረዳው ለጎን ገጽታ ወሳኙ የጥርስ ስፋት በጠቅላላው ሳይሆን የትኛው ጥርስ፣ በየትኛው ስፍራ፣ በምን ያህል መንገጭላ ላይ እንደ ተተከለ መሆኑን ነው። ድርሰት ስትጽፉ አንድ ደምብ የሚያፈርስ ምሳሌ ሲገጥማችሁ አትደብቁት፤ ብዙ ጊዜ ትክክለኛውን ደምብ የሚያሳየው እርሱ ነው።

መንገጭላው ራሱ ምን ይወስነዋል? የጥርስ ስፋት በአብዛኛው ከወላጅ በዘር የሚወረስ ነው፤ ጥርስ ከድድ ከመውጣቱ በፊት ስፋቱ አልቋል፤ ከወጣ በኋላ ሊያልቅ ወይም ሊሸረፍ ይችላል እንጂ አያድግም። አጥንት ግን በልጅነት በሚሠራው ሥራ ይጠነክራል። ለስላሳ ምግብ ብቻ እየበሉ ያደጉ እንስሳት መንገጭላቸው እንደሚያንስ በሙከራ ታይቷል። ብዙ ሊቃውንትም በዛሬው ከተሜ ዘንድ ጥርስ የሚደራረበው፣ በወጣትነት ማብቂያ የሚበቅለው የመጨረሻው መንጋጋም ቦታ የሚያጣው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው ይላሉ። ቆሎና ሸንኮራ ያኘከ ልጅ ጥርሱ ሁልጊዜ ይስተካከላል ማለት ግን አይደለም። የወረሰው ጥርስ ከወረሰው መንገጭላ ጋር የማይመጣጠን ከሆነ ቆሎው አያስታርቃቸውም።

በሀገራችን ይህን ሚዛን በሰው እጅ የሚያናጋ አንድ ጎጂ ልማድ አለ። ሕፃን ሲያተኩሰው ወይም ሲያስቀምጠው ምክንያቱ ግግ ነው እየተባለ፣ ከድዱ በታች ያለው የክራንቻ እምቡጥ በስለት ተፈልቅቆ ይወጣል። ግግ የተባለው ነገር በሽታ አይደለም፤ ገና ያልወጣ የወተት ጥርስ ነው። ከሥሩ የሚገኘው የቋሚው ክራንቻ እምቡጥም አብሮ ሊጎዳ ይችላል። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በሄዱ የቤተ እስራኤል ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት እንዲህ የተነቀሉ ክራንቻዎችንና በአጠገባቸው የደረሰውን ጉዳት መዝግቧል። ክራንቻ የቅስቱ ማእዘን ነው። ማእዘኑ ሲጠፋ የቀሩት ጥርሶች ወደ ባዶው ስፍራ ይንሸራተታሉ። ሕፃኑም በግግ ማውጫው ቁስል ሊመረዝና ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል፤ ይህ ከጥርስ አሰላለፍ ሁሉ የከበደ ነው።

አሁን ወደ እናትየው ጥያቄ እንመለስ። የዘመናዊው የጥርስ ማስተካከል ሕክምና አባት የሚባለው አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል (1855–1930 እ.ኤ.አ.) መልሱ ግልጽ ነበር፤ ጤነኛ ጥርስ አይነቀልም፤ ሁሉም ጥርስ በቦታው ቢሰለፍ ፊት በራሱ ይስማማል ይል ነበር። የውበትንም ልክ አፖሎ ከተባለው የጥንት ጣዖት ሐውልት የጎን ገጽታ ለመውሰድ ፈልጎ ነበር። ወዳጁ የነበረው ሠዓሊ ኤድመንድ ቩርፐል ግን ለሰው ፊት ሁሉ የሚሆን አንድ የውበት ልክ እንደሌለ ነገረው። ካልቪን ኬዝ የተባለው ሐኪም በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1911 አንዳንድ ፊቶች ጥርስ ሳይነቀል ሊስተካከሉ እንደማይችሉ በአደባባይ ተከራከረ፤ ያን ጊዜ ብዙ ሰሚ አላገኘም። የአንግል ደቀ መዝሙር የነበረው ቻርልስ ትዊድ ግን ያለ ነቀላ ያከማቸው ሰዎች ጥርሶች ወደ ፊት አዘንብለው፣ ከጊዜም በኋላ እንደገና ተዛብተው ሲያገኛቸው፣ አራት ቅድመ መንጋጋዎችን እየነቀለ ሕክምናውን እንደገና ጀመረ። ከመምህሩ ትምህርት ለመውጣት የደፈረው የራሱን ሥራ ጉድለት መዝግቦ ስለ ያዘ ነው። ከርሱ በኋላ ነቀላ በዛ፤ ቆይቶም ከመጠን አለፈ፤ ከንፈራቸው እጅግ የገባ፣ አፋቸው የጎደጎደ ሰዎችም ታዩ።

ክርክሩን በልክ ለመፍታት የረዳው የጎን ራጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 አሜሪካ ውስጥ ብሮድቤንት፣ ጀርመን ውስጥ ሆፍራት፣ የራስ ቅልን በአንድ ዐይነት ርቀትና አቋም ከጎን የሚያነሣ ራጅ አወጡ። በራጁ ላይ መስመር እየተሰመረ የጥርስ ማዘንበል በማእዘን ይለካል። ነገር ግን ማእዘኑ ከምን ጋር ይነጻጸር? ዊልያም ዳውንስ እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣው ዝነኛ ልክ የተመሠረተው ከ12 እስከ 17 ዓመት ዕድሜ ባላቸው በ20 ነጭ አሜሪካውያን ልጆች ላይ ነበር። ቁጥራቸው ከአንድ ክፍል ተማሪዎች ያነሰ ነው! ከሦስት ዓመት በኋላ ይኸው ልክ በጥቁር አሜሪካውያን፣ በጃፓንና በቻይና ተወላጆች ላይ ሲሞከር ቁጥሮቹ ተለያዩ። ጥቁር አሜሪካውያን ጥርሳቸው በሚገባ የሚገጥም ሆኖ ሳለ የፊት ጥርሶቻቸው ይበልጥ ወደ ፊት ያዘነበሉ ነበሩ። በመጀመሪያው ልክ ብቻ ቢፈረድ ጤነኛው ሁሉ በሽተኛ ይባል ነበር። ኢትዮጵያ ደግሞ ልዩ ልዩ መልክ ያላቸው ሕዝቦች ሀገር ናት፤ ሰልካካ አፍንጫ ያለውም፣ ሰፊ አፍንጫና ሙሉ ከንፈር ያለውም በአንድ ክፍል ውስጥ አብረው ይማራሉ። ሁለቱን በአንድ መስመር መዳኘት፣ በእኔ አስተያየት፣ ሠዓሊው ለአንግል የነገረውን አለመስማት ነው።

የተማሪዋ ጉዳይ እንዴት ይታያል? ሁለት ቅድመ መንጋጋ ቢነቀል በአንድ መንገጭላ 14 ሚሊ ሜትር ያህል ቦታ ይገኛል። በምሳሌያችን የሚያስፈልጋት 5 ብቻ ነው፤ የቀረው 9 ሚሊ ሜትር የኋላ ጥርሶችን ወደ ፊት በመሳብ መዘጋት አለበት፤ ይህም ረጅም ጊዜ ይጠይቃል። ሐኪሙ ሌላም መንገድ አለው። ከእያንዳንዱ ጥርስ ጎን ከሩብ ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ቢሞርድ፣ ዐሥሩ ጥርሶች በሚገናኙባቸው ዘጠኝ ስፍራዎች ግማሽ ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ በድምሩ 4.5 ሚሊ ሜትር ያገኛል። ልዩነቱ 5 ሳይሆን 12 ቢሆን ኖሮ ግን ሞረዱ አይበቃም፤ ነቀላው ተገቢ ይሆናል። ጥርስ ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ስለ ገባም ከንፈር ያንኑ ያህል ይገባል ማለት አይደለም፤ በተለይ ወፍራም ከንፈር ጥርሱን የሚከተለው በከፊል ነው። አፏ ያለ ጭንቅ የማይገጥም መሆኑ ደግሞ ከውበት የተለየ ጉዳይ ነው፤ ያለማቋረጥ የተከፈተ አፍ ድድን ያደርቃልና።

እነዚህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ እናትና ልጅ በዚያው ቀን እንዲወስኑ የሚያስገድድ ነገር የለም። የጀሶ ቅጂው፣ ራጁና የጎን ፎቶግራፉ በመዝገቧ ውስጥ ይቀመጣሉ። ከዓመት በኋላ እንደገና ሲለካ ጥርሶቿ በዚያው በቀድሞ ስፋታቸው ይገኛሉ። አፍንጫዋና አገጯ ግን በዚህ ዕድሜ ጥቂት መጨመራቸው አይቀርም፤ እነርሱ ወደ ፊት በመጡ ቁጥር ያው ከንፈር፣ ጥርሱ ምንም ሳይነካ፣ ከጎን ሲታይ የገባ ይመስላል።